በ05 የሚጀምረው ቁጥር የየት አገር ነው? የውጭ ስም፣ ቁጥርና አድራሻ በስልካችን ላይ

ስልካችሁን ክፈቱና በ05 የሚጀምር ቁጥር ፈልጉ። ዓረብ አገር ወይም እስራኤል ዘመድ ያለው ሰው አንድ እንኳ አያጣም። የሳዑዲ ዓረቢያ ሞባይል በአገር ውስጥ ሲደወል በ05 ይጀምራል፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም በ05፣ የእስራኤልም በ05። ሦስቱም አሥር አሃዝ ናቸው። ቁጥሩን ብቻ አይቶ ይሄ የጅዳ ነው፣ ይሄ የዱባይ ነው፣ ይሄ የኔታንያ ነው ማለት አይቻልም። «ሀና» ተብሎ በ05 የተመዘገበ ቁጥር፣ ሀና የት እንዳለች የሚያውቅ ሰው አጠገባችን እስካለ ድረስ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ያ ሰው የሌለ ቀን ነው።

ዛሬ አንድ ቤተሰብ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ሪያድ፣ ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ተበትኖ ይኖራል። ማን የት እንዳለ የሚናገረው ብቸኛ መዝገብ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ሞባይል ነው። የእናት ስልክ ሲሰረቅ፣ ልጅ አገር ቀይሮ አዲስ ሲም ሲያወጣ፣ በድንገት ሆስፒታል የገባ ሰው ስልክ በሌላ ሰው እጅ ሲከፈት መዝገቡ ይፈተናል። ያን ጊዜ «እማዬ»፣ «ማዳም»፣ «አቤ ዱባይ አዲሱ» ብሎ የተጻፈው ሁሉ ለባለቤቱ ብቻ የሚገባ ምልክት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር አለ፦ ኮንታክት ስንመዘግብ ከሌላ አገር ሆኖ፣ በሌላ ስልክ፣ እኛን ሳይጠይቅ ለሚያነበው ሰው ብለን እንመዝግብ። እንዲህ ማድረግ ግን በፍላጎት ብቻ አይሆንም፤ ስልኩ ራሱ የተሠራበት አሳብ ከኛ ስምና ከኛ አድራሻ ጋር የሚጋጭባቸው ቦታዎች አሉና እነሱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ቁጥሩ

መነሻው የመደመር ምልክቱ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ኢ.164 በተባለው ደንቡ የዓለምን ስልክ ቁጥሮች አንድ መልክ አስይዟቸዋል፦ መጀመሪያ የአገር ኮድ፣ ቀጥሎ የአገር ውስጡ ቁጥር፣ በድምሩ ከ15 አሃዝ ሳይበልጥ። ከፊት የሚቀመጠው + ለስልኩ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፤ ካለንበት አገር ወደ ውጭ የሚያወጣውን ኮድ ራሱ እንዲጨምር ይነግረዋል። ይህ መውጫ ኮድ እንደየአገሩ ይለያያል። ከኢትዮጵያ፣ ከአውሮፓና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች 00 ነው። ከአሜሪካና ከካናዳ 011 ነው። እስራኤል ውስጥ እንደ ኩባንያው 012፣ 013 ወይም 014 ይባላል። በ00251 የተመዘገበ ቁጥር ከዱባይ ይሠራል፤ ዳላስ ሲደርስ እምቢ ይላል። በ+251 የተመዘገበው ከሁለቱም ቦታ ይሠራል።

ይህ 011 ለኛ ሰው የተለየ ችግር አለው። አዲስ አበባ ውስጥ 011 የከተማዋ የመደበኛ ስልክ ኮድ ነው። እናቱ ቤት ያለውን መደበኛ ስልክ በ011 551 እንደጀመረ ይዞ አሜሪካ የገባ ሰው ያንን ቁጥር ሲደውል፣ የአሜሪካው ኔትወርክ 011ን የውጭ መውጫ አድርጎ ያነበዋል። ቀጥሎ የመጣውን 55 ደግሞ የአገር ኮድ አድርጎ ይወስደዋል፤ 55 ብራዚል ነው። ለእናት የተደወለው ጥሪ የብራዚልን መንገድ ይጀምርና አሃዙ ስለማይሞላ መሐል ላይ ይቋረጣል። ደዋዩ «ቴሌ ተበላሽቷል» ብሎ ይተወዋል። መፍትሔው የመጀመሪያውን ዜሮ ጥሎ +251 11 551 ብሎ መቀጠል ብቻ ነው።

ሞባይልም በዚሁ ሥርዓት ይሄዳል፤ በ09 የሚጀምረው +251 9 ይሆናል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ሲጀምር ደግሞ በ07 የሚጀምር ቁጥር አመጣ፤ እሱም +251 7 ይሆናል። ይህ 07 እንደ 05 ሁሉ የብዙ አገር ነው። ኬንያ፣ ብሪታንያና ስዊድን ሞባይላቸው በ07 ይጀምራል። ናይሮቢ፣ ለንደንና ስቶክሆልም ዘመድ ያለው የአዲስ አበባ ሰው አራት ዓይነት 07 ተቀላቅሎበት ሊገኝ ይችላል።

«ዜሮውን ጥለህ የአገር ኮዱን ጨምር» የሚለው ምክር ለአብዛኛው አገር ይሠራል፤ ለጣሊያን መደበኛ ስልክ ግን አይሠራም። የሮም መደበኛ ስልክ ከውጭ ሲደወል +39 06 ተብሎ ከነዜሮው ይጻፋል። ዜሮው ከወደቀ ጥሪው አይገባም። የጣሊያን ሞባይል ደግሞ ከመጀመሪያውም ዜሮ የለውም፤ በ3 ይጀምራል። ሮምና ሚላኖ ብዙ ሐበሻ ስላለ ይህቺን አንዲት ልዩነት መያዝ ይጠቅማል።

የ+1 ጉዳይም አለ። ይህ ኮድ የአሜሪካ ብቻ ሳይሆን የካናዳና የበርካታ የካሪቢያን ደሴቶች ጭምር ነው። አገሩን የሚለየው ቀጥሎ የሚመጣው ባለ ሦስት አሃዝ ኮድ ነው፦ 202 ዋሽንግተን ዲሲ፣ 206 ሲያትል፣ 416 ቶሮንቶ። ነገር ግን ሰው ከተማ ሲቀይር ሞባይሉን ይዞ ይሄዳል፤ የሲያትል ቁጥር ያለው ሰው አትላንታ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከቁጥሩ ተነሥቶ የመኖሪያ ከተማን መገመት አያዋጣም፤ ከተማው በአድራሻ ቦታው ላይ ለብቻው ይጻፍ።

ስልኩ + የሌለውን ቁጥር ሲያገኝ ምን ያደርጋል? ይገምታል። ብዙ የስልክ ሶፍትዌሮች የየአገሩን የቁጥር ደንብ የያዘና ጎግል ለሁሉም ክፍት ያደረገው አንድ የፕሮግራም ቋት ይጠቀማሉ፤ ያ ቋት ግን ቁጥሩን ለመተርጎም «የየት አገር ነው» ተብሎ መነገር አለበት። ካልተነገረው ሲሙን ወይም የስልኩን አገር ያያል። እዚህ ላይ ነው አንዱ 05 ሪያድ ውስጥ የሳዑዲ፣ ሃይፋ ውስጥ የእስራኤል ሆኖ የሚነበበው። ዋትስአፕና ቴሌግራምም በዚሁ መንገድ ይሰናከላሉ። በአሜሪካ ቁጥር ዋትስአፕ የከፈተ ሰው ስልክ ላይ በ09 የተመዘገቡ የአገር ቤት ሰዎች አይታዩም። «አክስቴ ዋትስአፕ የላትም መሰለኝ» የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። አክስት ዋትስአፕ አላት፤ የጎደለው +251 ነው።

ብዙ መቶ ቁጥር በአንድ ቀን ማስተካከል ያሰለቻል። ስለዚህ በደወላችሁ ቁጥር አንድ አንድ እያላችሁ ማረም ይሻላል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ በእርግጥ የምትጠቀሙባቸው ሁሉ ይስተካከላሉ። በኮምፒውተር በጅምላ ለማረም ዝርዝሩን አውጥቶ ኤክሴል ላይ የሚከፍት ሰው ግን ይጠንቀቅ። ኤክሴል ቁጥሩን የሒሳብ ቁጥር አድርጎ ስለሚያየው የፊቱን ዜሮ ይቆርጣል፣ የመደመር ምልክቱን ያጠፋል፣ ረጅሙን ቁጥር ደግሞ አሳጥሮ በሳይንሳዊ አጻጻፍ ያሳየዋል። ያ ፋይል ተመልሶ ስልክ ላይ ከተጫነ የተበላሸው ከነበረው ይብሳል። ከመጫኑ በፊት የቁጥሩ ዓምድ «ጽሑፍ» ተብሎ መለየት አለበት፤ የመጀመሪያው ፋይልም ሳይነካ ይቀመጥ።

ስሙ

ስልኮች ኮንታክት የሚለዋወጡበት የፋይል ዓይነት ቪካርድ ይባላል። የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፤ 4.0 የተባለው እትም እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ። በዚህ ፋይል ውስጥ ስም አምስት ክፍል አለው፦ የቤተሰብ ስም፣ መጠሪያ ስም፣ ተጨማሪ ስሞች፣ ከፊት የሚገባ ማዕረግ፣ ከኋላ የሚገባ ቅጥያ። ከነዚህ ተለይቶ ደግሞ ሰውየው በሙሉ የሚጠራበት አንድ መስመር አለ። በ4.0 ደንብ ግዴታ የሆነው ይህ አንዱ ሙሉ መስመር ሲሆን አምስቱን ክፍሎች መሙላት ግዴታ አይደለም። ደንቡን የጻፉት ሰዎች የዓለም ስም ሁሉ ለሁለት እንደማይከፈል ተረድተዋል ማለት ነው። የስልኮቹ ቅጽ ግን አሁንም መጠሪያ ስምና የቤተሰብ ስም እያለ ይጠይቃል።

እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም። አልማዝ ከበደ ወልዴ ማለት አልማዝ፣ የከበደ ልጅ፣ የወልዴ የልጅ ልጅ ማለት ነው። ስታገባም ስሟ አይለወጥም። ቅጹ ግን ወልዴን በቤተሰብ ስም ቦታ ያስቀምጥና ዝርዝሩን በዚያ ይደረድራል። አሜሪካ ውስጥ የተገዛ አይፎን ከመጀመሪያው በቤተሰብ ስም ስለሚደረድር፣ አልማዝን በ«አ» የሚፈልግ ሰው አያገኛትም። ይህ በአንድ ደቂቃ ይስተካከላል፦ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ወደ ኮንታክቶች ገብቶ የአደራደሩንም የአቀራረቡንም ቅደም ተከተል «መጠሪያ ስም መጀመሪያ» ማድረግ ነው። አይስላንዶችም እንደኛ በአባት ስም የሚጠሩ ሕዝቦች ናቸው፤ የአገራቸው የስልክ ማውጫ የሚደረደረው በመጠሪያ ስም ነው። እኛም በትምህርት ቤት ስም ጥሪ ስንጠራ የኖርነው እንደዚያው ነው፤ ስልኩ ለምን በሌላ ይደርድርልን?

የአባትንና የአያትን ስም ደግሞ አትተዉ። ብዙዎቻችን «አልማዝ ልብስ ሰፊ»፣ «ሳሚ ጋራዥ» ብለን እናልፋለን። ለዕለት ሥራ ይበቃል። ገንዘብ ሊላክ ሲሆን ግን አስተላላፊው የሚጠይቀው በመታወቂያ ላይ ያለውን ስም ነው፤ አንድ ፊደል ከተለወጠ ተቀባዩ ከመስኮቱ ይመለሳል። ስለዚህ ስም እስከ አያት ተሟልቶ በስም ቦታው ይግባ፤ «ልብስ ሰፊ» የሚለው በድርጅት ወይም በቅጽል ስም ቦታ ይሁን። ስትፈልጓት «ልብስ» ብላችሁ ብትጽፉም ትመጣለች። «እማዬ» የሚለውም እንዲሁ ቅጽል ስም ላይ ይቀመጥ፤ ዋናው ስም ቦታ ላይ የእናት ሙሉ ስም ይኑር። ጋሼ፣ እትዬ፣ አባ፣ ቄስ የሚሉት የአክብሮት መጠሪያዎች ለማዕረግ የተዘጋጀው ቦታ ላይ ይገባሉ፤ መጠሪያ ስም ላይ ከገቡ የምናውቃቸው ጋሼዎች ሁሉ አንድ ላይ ተሰልፈው ይቀራሉ።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ «ማዳም» የሚለው ኮንታክት ነው። ባሕረ ሰላጤውና ሊባኖስ በቤት ሥራ የተሰማሩ እህቶቻችን አሠሪያቸውን ማዳም፣ የቤቱን አባወራ ባባ ብለው ይጠራሉ፤ ስልካቸው ላይም የሚመዘግቡት እንደዚያው ነው። አገር ቤት ያለው ቤተሰብም «የሀና ማዳም» ብሎ ይይዛል። ድንገት ልጅቷ ድምፅዋ ሲጠፋ ቤተሰብ ወደ ኤምባሲ ወይም ወደ ኤጀንሲ ሄዶ የሚናገረው ስም የለውም። የዓረብ ስም በአሠራሩ ከኛ ጋር ይቀራረባል፦ መጠሪያ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ከዚያ የቤተሰብ ወይም የጎሣ ስም። «አቡ መሐመድ» ወይም «ኡም ኻሊድ» ተብሎ የሚጠራ ሰው ግን በመንግሥት ወረቀት ላይ በዚያ ስም አይገኝም፤ ይህ በልጅ ስም የሚሰጥ መጠሪያ ነው። የሚፈለገው በሥራ ውሉና በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ ያለው የአሠሪው ስም ነው። ከጉዞ በፊት ወይም ልጅቷ እንደደረሰች የአሠሪው ሙሉ ስም፣ ቢቻል በዓረብኛው አጻጻፍ፣ የላካት ኤጀንሲ ስምና ቁጥሩ በአንድ ኮንታክት ተጽፎ ቢያንስ ሁለት የቤተሰብ ሰዎች ስልክ ላይ ይቀመጥ። የኮንታክት አያያዝ ለኛ ትልቅ ጉዳይ ነው ስል በዋናነት እያሰብኩ ያለሁት ይህንን ነው።

ከቻይና ኩባንያዎች ጋር የሚሠሩ ያገራችን ሰዎች ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። ቻይናዎች የቤተሰብ ስም ያስቀድማሉ፤ ዋንግ፣ ሊ እና ዣንግ እጅግ የበዙ የቤተሰብ ስሞች ናቸው። «ሚስተር ሊ» ተብሎ የተመዘገበ መሐንዲስ ከሌሎቹ ሚስተር ሊዎች አይለይም። ሙሉ ስሙ ከኩባንያውና ከፕሮጀክቱ ስም ጋር ይያዝ።

እስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ሁለት ስም አላቸው፦ አገር ቤት የወጣላቸውና እዚያ ሲደርሱ የተሰጣቸው የዕብራይስጥ ስም። የቤተሰብ ስም ሆኖ የተመዘገበላቸውም ብዙ ጊዜ የአባት ወይም የአያት ስም ነው። አያት በአንዱ ስም ትጠራዋለች፣ መሥሪያ ቤቱ በሌላው። ሁለቱም ይጻፉ፤ አንደኛው ዋና፣ ሌላኛው ቅጽል።

በአማርኛ ነው የምንመዘግበው ወይስ በላቲን ፊደል? የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ቁጥር በሚሰጠው ደንብ ውስጥ ስለገባ ዛሬ ማንኛውም ዘመናዊ ስልክ አማርኛን ያሳያል። ሁለት ነገሮች ግን አሁንም ያስቸግራሉ። አንደኛው አደራደር ነው፤ በእንግሊዝኛ በተዋቀረ ስልክ ላይ የአማርኛ ስሞች ከመጨረሻው የላቲን ፊደል በኋላ በአንድ ላይ ይከማቻሉ። ሁለተኛው ፍለጋ ነው። ኃይሉን «ሀይሉ» ብሎ የፈለገ፣ ፀሐይን «ጸሀይ» ብሎ የጻፈ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያገኝም። ለጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ለማሽኑ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዚያው። በላቲን ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል። ቃልኪዳንን አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጀምረዋል፤ ጸጋዬን አንዱ በቲ፣ ሌላው በኤስ።

እኔ የምመክረው ስሙን ባለቤቱ በመታወቂያው ላይ እንደሚጽፈው መያዝ ነው። የፋይዳ መታወቂያ ስምን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ስለሚያወጣ ሁለቱንም አጻጻፍ ከባለቤቱ መጠየቅ ቀላል ሆኗል። አንደኛው በስም ቦታ፣ ሌላኛው «የአነባበብ ስም» በሚባለው ቦታ ይግባ። ይህ ቦታ ጃፓኖች የስማቸውን ንባብ እንዲጽፉበት ተብሎ የተጨመረ ነው፤ ስልኩ ላይ ተጨማሪ መስኮች ሲከፈቱ ይገኛል። ለኛም ሁለቱን ፊደላት አብሮ ለመያዝ ሁነኛ ቦታ ነው።

አድራሻው

በቪካርድ ደንብ አድራሻ ሰባት ክፍል አለው፦ ፖስታ ሳጥን፣ ተጨማሪ አድራሻ፣ መንገድ፣ ከተማ፣ ክልል፣ የፖስታ ኮድ፣ አገር። አዲስ አበባን እዚህ ውስጥ ለማስገባት ሞክሩ። ክፍለ ከተማ የት ይግባ? ወረዳስ? የቤት ቁጥሩ የማንኛውም መንገድ ቁጥር ስላልሆነ መንገድ ላይ ማስገባቱ እንግዳውን ያሳስተዋል። ፖስታችንም ቤት ለቤት አይዞርም፤ የሚላከው ፖስታ ሳጥን ቁጥር ላለው ነው። ኑሯችን የሚመራው በምልክት ነው፦ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከፋርማሲው ፊት ለፊት፣ ከአደባባዩ ወረድ ብሎ።

ምልክት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ2024 በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና ካዛንቺስ ብዙ ቤትና ሱቅ ተነሥቷል። በእነዚያ ሱቆች ስም የተጻፉ አድራሻዎች ዛሬ ማንንም የትም አያደርሱም፤ ሰዎቹም ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። ስለዚህ አንድ የአዲስ አበባ አድራሻ ሦስት ነገር ቢይዝ እመርጣለሁ፦ ከአሥራ አንዱ ክፍለ ከተሞች የትኛው እንደሆነ ከወረዳውና ከቤት ቁጥሩ ጋር፣ የምልክቱን አገላለጽ፣ እና የካርታ ነጥቡን። ለካርታ ነጥቡ ጎግል ያወጣው ፕላስ ኮድ ይበቃል፤ አጭር የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ሲሆን የተሠራው ከቦታው ኬክሮስና ኬንትሮስ ነው፤ መንገድ ስሙ ቢለወጥም፣ ሕንፃው ቢፈርስም ያው ነው። ጎግል ካርታ ላይ ጣትን በቤቱ ላይ ጫን አድርጎ በማቆየት ይገኛል። የተጻፈበትን ዓመትም በማስታወሻው ላይ መጨመር ጥሩ ነው፤ የሚያነበው ሰው አድራሻው ምን ያህል እንደቆየ ያውቃል።

ዓለምም ቀስ እያለ ወደዚህ እየመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የጸደቀው ጄኤስኮንታክት የተባለው አዲስ የኮንታክት ደንብ የአድራሻ ክፍሎችን አብዝቷል፤ ሕንፃ፣ ፎቅ፣ ቀበሌን የመሰለ ንዑስ ወረዳ፣ አቅጣጫ፣ የመለያ ምልክት ጭምር ለየብቻቸው ቦታ አግኝተዋል። «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ» የሚለው አገላለጽ ከእንግዲህ በመደበኛ ደንብ የሚታወቅ የአድራሻ አካል ነው። ስልኮቻችን እስኪደርሱበት ድረስ ግን ማስታወሻ የሚለው ቦታ ያገለግላል።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች አድራሻ አስቸጋሪ ነው የሚባለው ግማሹ እውነት ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ብሔራዊ አድራሻ አላት፤ ባለ አራት አሃዝ የሕንፃ ቁጥር፣ ባለ አምስት አሃዝ የፖስታ ኮድ፣ እንዲሁም አራት ፊደልና አራት አሃዝ ያለው አጭር አድራሻ። ኳታር ውስጥ በየቤቱ በር ላይ የዞኑን፣ የመንገዱንና የሕንፃውን ቁጥር የያዘ ሰማያዊ ሰሌዳ አለ። ዱባይ ውስጥ ማካኒ የሚባል ባለ አሥር አሃዝ ቁጥር ሕንፃዎች ላይ ተለጥፏል። እህቶቻችን የሚሠሩበት ቤት ስሙን ባያውቁት እንኳ የዚያን ሰሌዳ ፎቶ አንሥተው ለቤተሰብ መላክ ይችላሉ፤ ቤተሰብም ቁጥሩን ኮንታክቱ ላይ ይጽፋል። ለፖሊስም ለቆንስላም ከዚህ የተሻለ አድራሻ የለም።

ለአውሮፓና ለአሜሪካ ብዙ አልዘገይም። ስልኩ ላይ አገሩን መጀመሪያ ምረጡ፤ አይፎን ላይ መስኮቹ ራሳቸው እንደ አገሩ ይለዋወጣሉ። አሜሪካ የቤት ቁጥር ከመንገዱ ስም ይቀድማል፣ ጀርመን ይከተላል፤ ጀርመን የፖስታ ኮድ ከከተማው ፊት ነው። እስራኤል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የፖስታ ኮዷ ሰባት አሃዝ ስለሆነ አምስት አሃዝ ያለው የድሮ ነው። የአፓርታማ ቁጥርን አትርሱ። የውጭውን አድራሻ በአማርኛ ፊደል አትገልብጡት፤ በአገሩ አጻጻፍ ያልተጻፈ የመንገድ ስም ካርታ ላይ አይገኝም፣ የፖስታ ሠራተኛም አያነበውም። ዕቃ ስትልኩ የአገሩ ስም በመጨረሻው መስመር በትልልቅ ፊደል ይጻፍ፤ ዓለም አቀፉ የፖስታ ኅብረት የሚመክረው ይህንን ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ የኅብረቱ አባል ናት።

የት ይቀመጥ?

ሲም ካርድ ላይ አይደለም። ሲም የሚይዘው አጭር ስምና ቁጥር ብቻ ነው፤ አድራሻም ማስታወሻም አይቀበልም። የስሙ ቦታ ራሱ ጠባብ ነው፣ የአማርኛ ፊደል ደግሞ ከላቲኑ ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚወስድ ስሙ መሐሉ ላይ ይቆረጣል። ከድሮ ስልክ ወደ አዲስ በብሉቱዝ ሲተላለፍ አማርኛው ወደ ጥያቄ ምልክትና ወደ ባዶ ሳጥን የሚለወጥበት ምክንያትም ተቀራራቢ ነው፦ የድሮው የቪካርድ እትም የላቲን ፊደልን እንጂ ዩኒኮድን ታሳቢ አያደርግም ነበር፤ ዩቲኤፍ-8 የተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ ግዴታ የሆነው በ4.0 ነው። በጎግል ወይም በአፕል አካውንት ላይ የተቀመጠ ኮንታክት ስልኩ ቢጠፋም ይመለሳል፣ ፊደሉም አይበላሽም። ወላጅ በቁልፍ ስልክ የሚጠቀም ከሆነ ልጁ የወላጁን ቁጥሮች በራሱ አካውንት ላይ ቅጂ ይያዝላቸው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ኮንታክት የምንፈቅድላቸው መተግበሪያዎች ዝርዝሩን ወደ ራሳቸው ማዕከል ይወስዳሉ፤ የደዋይን ስም የሚያሳዩ አንዳንዶቹም አንዱ ሰው ስልኩ ላይ የጻፈውን ስም ለሌላው ያሳያሉ። ስለዚህ የፓስፖርት ቁጥር፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ በማስታወሻ ቦታ ላይ አይጻፍ። ሰው አደራ ብሎ የሰጠንን ቁጥር በመጥፎ ቅጽል ስም መያዝም አይገባም።

ስልክ በሚነጠቅበት ቤት ለምትሠራ ልጅ ደግሞ የትኛውም አካውንት አይበቃም። በ+251 የተጻፉ ሁለት የቤተሰብ ቁጥሮች፣ የኤምባሲው ወይም የቆንስላው ቁጥር በወረቀት ተጽፈው ከስልኩ በተለየ ቦታ ይቀመጡ። በቃል ብታጠናቸው ደግሞ የተሻለ ነው።

የቀረው ሶፍትዌር ለሚሠሩ ያገራችን ልጆች ነው። በአገር ውስጥ የሚሠሩ መተግበሪያዎች ሳይቀሩ የውጭውን ቅጽ ገልብጠው መጠሪያ ስምና የቤተሰብ ስም ሲጠይቁ ማየት ያሳዝነኛል። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብሎ መጠየቅ፣ ቁጥርን ሲቀበሉ ወዲያው ወደ +251 መልክ ቀይሮ ማስቀመጥ፣ የውጭ ቁጥር ሲመጣም አለመግፋት ከባድ ሥራ አይደለም። የፍለጋው ችግርም መፍትሔ አለው፦ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነእርባታቸው የሚያዛምድ አጭር ሠንጠረዥ ነው የሚያስፈልገው። «ሀ» እና «ሃ»፣ «አ» እና «ዓ» እንደ አንድ እንዲቆጠሩ ማድረግም ይጨመርበት። ሠንጠረዡ ግን ለፍለጋ ብቻ ይዋል። የተመዘገበው ስም እንዳለ ይቀመጥ፤ ሠናይት ስሟን በንጉሡ ሠ የምትጽፍ ከሆነ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው የእሷ አጻጻፍ ይሁን።